«ስኳር ካላት ምን አሰለፈሽ?»

«ቀጣይ!» አሉ ባለሱቁ። ልጅቷ ግን ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።

በግራ እጇ የራሽን ካርዱን ይዛለች። ቀኝ እጇ ኪሷ ውስጥ ሆኖ ከእናቷ ቦርሳ ሳታስፈቅድ ያወጣችውን የክሊኒክ ወረቀት ያሻሻል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ አጭር ነው፤ የሐኪም ማስረጃ ያመጣ ሰው በስኳር ፋንታ ምስር መውሰድ ይችላል።

እናቷም ማስታወቂያውን ታውቀዋለች። «እንደ ሰዉ ስኳራችንን ነው የምንወስደው!» ብላታለች ጠዋት። የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት፤ መታመሟ ከተሰማ ከሥራ የሚያስወጧት ይመስላታል። ስለዚህ የድጎማው ስኳር በየወሩ ቤት ይገባል፣ ርካሽ ነውና ማንኪያው ተቆልሎ ሻይ ውስጥ ይጨመራል። ጎመንና ቲማቲም የሚሸጠው ከዚሁ ሱቅ ጎን ነው፤ ዋጋው ግን አያስጠጋም። ትናንት እናቷ ደረጃ ስትወጣ ዓይኗ ብዥ ብሎባት ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ልጅቷ ወረቀቱን ከቦርሳው ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

ችግሩ ከኋላዋ የቆሙት ጎረቤታቸው ናቸው። የሰፈሩ ልጆች «ሬዲዮ» ይሏቸዋል፤ የሰሙትን ሳያሰራጩ አያድሩም። ወረቀቱን ብትዘረጋ አንገታቸውን አስግገው ያነቡታል።

«አንቺ ልጅ፣ አትፍዘዢ እንጂ!» አሉ ሬዲዮ።

ልጅቷ መስኮቱ ላይ ተደፍታ አንሾካሾከች። «ጋሼ፣ እናቴ ስኳር አለባት።»

«ምን?» የባለሱቁ ጆሮ ትንሽ ከበድ ይላል።

«ስኳር አለባት።»

«ስኳር ካላት ታዲያ ምን አሰለፈሽ?»

ሰልፉ በሳቅ አውካካ። ልጅቷም አብራ ሳቀች። እየሳቀች ሁለት ኪሎዋን ተቀብላ ብትሄድ ማንም ምንም አይጠረጥርም። ባለሱቁ መስፈሪያውን ስኳሩ ውስጥ ከተቱት።

«አይስፈሩ!» ድምጿ ካሰበችው በላይ ወጣ። ወረቀቱን አውጥታ መስኮቱ ላይ ዘረጋችው። «በሽታውን ነው ያልኩት። ምስር ይስጡኝ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ባለሱቁ ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ ወደ ምስሩ ጆንያ ዞሩ። ልጅቷ ፌስታሉን ስትቀበል ፊቷ እሳት ሆኗል። ተናዳለች፤ በማን እንደሆነ ግን ራሷም አታውቅም።

«እኔን፣ እኔን!» ሬዲዮ ክንዷን ያዟት። «ቆይኝ ልጄ፣ አብረን እንሂድ። እናትሽን ልጠይቃት።»

ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«አይ እትዬ፣ እኔ ልቅደም። ከእኔ አፍ ብትሰማው ይሻላል።»