ሁለት ሺህ ዩሮ

ቀጸላ ኢዮብን ዋሽታው አታውቅም። ዝም ብላው ግን ታውቃለች፤ አንዴ። ያቺ አንዴ ናት ጉድ የሠራቻት።

የተዋወቁት አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው አውሮራ ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። መኪናዋን ዘግቶባት ፓርክ አድርጎ ቅዳሴ ገብቷል። ልትሰድበው ስንት ነገር አዘጋጅታ ጠበቀችው፤ አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ እህቴ» ሲላት ሁሉም ጠፋባት።

ተማሪ ሆኖ ነው የመጣው። ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ የጭነት ዕቅድ ያወጣል። የሥራ ቪዛ ዕጣ ሁለት ጊዜ አልወጣለትም፤ በፈረንጆቹ 2018 የመኖሪያ ጊዜው ሊያልቅ ሆነ። እሷ ዜጋ ናት። መፍትሔው ለሁሉም ይታያል፣ ለእሱ ብቻ አልታየው አለ።

«አግባኛ በቃ!» አለችው አንድ ቀን፣ እንግልውድ ከምትሠራበት ሆስፒታል ሊወስዳት ሲመጣ።

«ለወረቀት ብሎ ነው እንዲሉኝ? እናትሽስ በምን ዓይናቸው ያዩኛል?»

«እኔ ካላልኩህ የሰው ወሬ ምን አባቱ!»

«በራሴ ወረቀት ነው የማገባሽ፣ ቀጺዬ። ጀርመን አንድ ኩባንያ ሊቀጥረኝ ነው። ሁለት ዓመት ብቻ ታገሺኝ።»

ታገሺኝ! ለአፍ ዳገት የለውም። ስንቱ ነው ታገሺኝ ብሎ ሄዶ በዚያው የቀረው?

ሃይስኩል ሦስት ዓመት ጀርመንኛ ተምራ ነበርና የቪዛውን ሕግ እንድታነብለት ላከላት። አነበበችው። ለእሱ ዓይነት ሙያ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው የዓመት ደሞዙ ቢያንስ ሃምሳ ሁለት ሺህ ዩሮ ሲሆን ነው።

የዚያኑ ቀን ደወለላት። «ስንት ትፈልጋለህ አሉኝ። ሃምሳ ሺህ ልበላቸው? ከዚያ በላይ ብጠይቅ ስግብግብ እመስላለሁ። ሕጉስ ምን ይላል?»

ወይ ይሉኝታ! ቁጥሩ ምላሷ ላይ ነበር። ይከለክሉታል፣ ይቀርልኛል፣ ኩራቱም ይበርድና ያገባኛል ብላ አሰበች።

«በላቸው» አለችው፤ የሕጉን ጥያቄ ዘለለችው።

ኩባንያው ሃምሳ ሺሁን ተቀበለ፤ ቪዛውን ግን ከለከሉት። ሁለት ሺህ ዩሮ ይጎድላል ተባለ። ውሉ እስኪስተካከል ኩባንያው አልጠበቀም፤ ፈቃድ የማያስፈልገው ሌላ ሰው ቀጠረ። የኢዮብ ኩራት ግን መብረዱ ቀርቶ ባሰበት።

«አሁን ባገባሽ ጀርመን እንቢ ስላለው ነው ይሉኛል» አለና ወደ አገሩ ትኬት ቆረጠ።

ዴንቨር ኤርፖርት ያደረሰችው እሷ ናት። መንገዱን ሙሉ ልትነግረው አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። ሻንጣውን ካወረደ በኋላ እጇን ያዘ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቀጺዬ። ዓይን አውጥቼ መጠየቅ ነበረብኝ። አንቺማ ያንን ሁሉ ጀርመንኛ ቁጭ ብለሽ ስታነቢልኝ... ቁጥሩ ቢያመልጥሽ ሰው ነሽ። በይ እንዳትጸጸቺ።»

«ኢዮብ...»

«ወዬ?»

ከኋላ መኪና ጥሩምባ ነፋባቸው። ዓይኑን አየችው። አሁንም ያምናታል።

«ስትደርስ ደውል» አለችው።

ደረሰና ደወለ። በማግስቱም ደወለ፤ ሳምንት ሙሉ ደወለ። ቀጸላ ስልኩን ፊቷ አስቀምጣ ስሙን እያየች ታለቅሳለች። ብታነሳው መጀመሪያ የሚላት «እግዜር ይስጥልኝ» እንደሆነ ታውቃለች።

አንድም ቀን አላነሳችውም።