ወደ የረር የሚያይ መስኮት

«እህት፣ መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ ታደርጊልኛለሽ?»

የሺሐረግ ዓይኗን ሳትከፍት «ፀሐይ ትገባለች» አለች።

«እኔም እሷኑ ፈልጌ ነው።»

ኅዳር 2004 ዓ.ም. ነበር፤ ከአቃቂ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ። የሺሐረግ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት። ሳሪስ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ስትሠራ ስድስት ዓመቷ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያንን መንገድ ያለፈችው እያንቀላፋች ነበር። እየተነጫነጨች መጋረጃውን ሳበችው።

የረር ተራራ ጫፉ ቀልቶ፣ ፀሐይ ከጀርባው ልትወጣ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ከሥሩ የደረሰ ጤፍ ጉም ለብሶ ተኝቷል። ከጉሙ ውስጥ እግረ ረጃጅም ግራጫ ወፎች ተነሡና እየተጣሩ ከመኪናው በላይ አለፉ።

«ይሄ ሁልጊዜ እዚህ ነበር?» አለች፣ ሳታስበው።

ሰውየው ፈገግ አለ። «ወፎቹ ክረምቱ ሲወጣ ነው የሚመጡት። ተራራው ግን የትም ሄዶ አያውቅም።»

ስሙ ሞቲ ነው፤ ሳሪስ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ነው። የአባቱ የኦቦ ያደታ ማሳም እዚያው ከጤፉ መሀል ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ ጠዋት ጠዋት አብረው መቀመጥ ጀመሩ። አንድ ሳምንት አሞት ቀረ። በስምንተኛው ቀን ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ፦

«ብቻዬን አየሁት» አለችው።

«እና?»

«ብቻዬን ሳየው አላምር አለኝ...»

 ሞቲ እጇን ያዘ፤ ሳሪስ እስኪደርሱም አልለቀቃትም።

ዓመት አለፈ። ከመጪው ፋሲካ በኋላ ሞቲ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ።

ጥር 2005 ላይ አለቃዋ እንድትጽፈው አንድ ዝርዝር ሰጣት። ቤት ሊሠራበት ከታሰበ መሬት የሚነሡ ገበሬዎች ስም ነበር። «ወሬው ከዚህ ክፍል ከወጣ ሥራሽን እርሺው» አላት። አሥራ አራተኛው ስም ላይ ጣቷ ቆመ። ያደታ ቡልቻ።

ጻፈችው።

በማግስቱ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ሥራዋ ትዝ አላት፤ ጡረታ የወጡት አባቷ ትዝ አሏት። ከሁሉም በላይ ግን ፊቱ ሲለወጥ ታያት። «ምናልባት ይቀር ይሆናል» ብላ ራሷን ደለለች። ነገ እነግረዋለሁ እያለች ቀናት አለፉ።

በየካቲት ሞቲ እየሣቀ መጣ።

«አባቴ ግቢው ውስጥ ቤት እየሠራልን ነው። አንድ በሬ ሸጦ እንጨትና ቆርቆሮ ገዛ። እናቴም ከአሁኑ ምርጊቱን ጀምራለች። መስኮቱን በየት በኩል እንክፈተው?»

 ያን ጊዜ ብትናገር ኖሮ...

«ወደ የረር» አለች።

ደብዳቤው የደረሳቸው በመጋቢት መጨረሻ ነው። አዲሱ ቤት መሬቱ ከተመዘገበ በኋላ የተሠራ ስለሆነ ካሳ እንደማይከፈልበትም ተነገራቸው። በዚያ ጠዋት ሞቲ ታክሲ ውስጥ አልገባም፤ ሳሪስ፣ መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። የመሥሪያ ቤቷ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ዘረጋላት።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«ደብዳቤውን እንኳ...» አለችና ዋሽታ ማምለጥ እንደማትችል ገባት። «ዝርዝሩን እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«በጥር።»

 ሞቲ አልጮኸም፤ ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

«መስኮቱን የጠየቅኩሽ በየካቲት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ሞቲዬ፣ እንዳላጣህ ፈርቼ ነው።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ።

እሑድ ለኦቦ ያደታ ልትናገር ሄደች። ሽማግሌውን አዲሱ ባዶ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ተነሺ ልጄ» አሏት። «አንቺ ባትጽፊው ሌላው ይጽፈው ነበር፤ መሬቱን አንቺ አልወሰድሽብኝም። ብትነግሪን ግን በሬዬ ይተርፍ ነበር። ባለቤቴ ጠጄም በዚህ ዕድሜዋ ጭቃ አታቦካም ነበር።»

ፋሲካ አለፈ። ሽማግሌም አልመጣም። ሞቲ በሌላ ሰዓት ታክሲ መሳፈር ጀመረ፤ ክረምት ሲገባ ጭራሽ ጠፋ። ቤተሰቡ ወደ ዱከም መሄዱን ከሰው ሰማች። አርፍዳም ቀድማም ወጥታ፣ ታክሲ ቀያይራ ፈለገችው። አላገኘችውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቃሊቲ መናኸሪያ ላይ ተገናኙ። ከስቷል። ጣቱ ላይ ቀለበት አለ።

«አገባህ?»

«ጥር ላይ።»

«አባባ ደህና ናቸው?»

«ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሯል። ደህና ነው ከተባለ...»

አንድ ነገር ሳትጠይቀው ከሄደ እንደማይወጣላት ታወቃት።

«ይቅር ብለኸኛል?»

«ቂም የለብኝም፣ የሺ። እወድሽ ነበር፤ ያን ያህል የወደድኩት ሰው የለም።» ዓይኑን ወደ አውቶቡሶቹ አዞረ። «ግን ባገባሽ ኖሮ፣ ዝም ባልሽ ቁጥር ደግሞ ምን አውቃ ይሆን እያልኩ ነበር የምኖረው። እንዲያ አይኖርም።»

የዱከም አውቶቡስ ረዳት ተጣራ።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው። የተናገረችው ከልቧ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግባትም ከልቧ መሆኑ ነው።