የምዕራፍ ሰባት ሙጫ

«ኧረ ቀስ በይ! ግድግዳ ነው እንዴ የምትለስኚው?» አለች ልቅሜ፣ ብሩሹን ከጓደኛዋ እጅ ነጥቃ።

ሳቂታ ግን አልሳቀችም። ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ ከእምብርቷ በታች ሆዷን በክንዷ ደገፍ አድርጋ ይዛለች።

ተማሪው ሁሉ ወጥቶ በቤተ መጻሕፍቱ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከፊታቸው ሠላሳ ስምንት አዳዲስ የባዮሎጂ መጻሕፍት ተቆልለዋል። የሃይማኖት ትምህርት ቤቱ ደንብ ነው፤ መጽሐፉ ለተማሪ ከመታደሉ በፊት የምዕራፍ ሰባት ገጾች እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ስለ መራቢያ አካላትና ስለ ጤንነታቸው የሚናገረው ምዕራፍ ነው። አሥሩም ገጽ አንድ ላይ ተጋግሮ እንደ ካርቶን ድርቅ ይላል።

ሥራው ለልቅሜ የተሰጠው ያለ ነገር አይደለም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ልጅቷም የእጅ ሙያውን ከእናቷ ወርሳለች። የነካችው ሁሉ ልቅም ያለ ስለሆነ ቅጽል ስሟም ከዚያው መጣ። የዱቄቱን ሙጫ ራሷ ታበስላለች። ውሃ ከበዛበት ሲደርቅ ገጹ በራሱ ይላቀቃል፤ እሷ ግን ማንኪያ እስኪያቆም ታወፍረዋለች። አምና የሃይማኖት አስተማሪዋ አንዱን መጽሐፍ አንስታ በጥፍሯ ብትሞክረው አልከፈት አላት። «እጅሽ ይባረክ!» አለቻት። ልቅሜ ያን ቀን ቤቷ እስክትደርስ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም።

«አንቺ፣ እዚህ ውስጥ ያለውን አንብበሽው ታውቂያለሽ?» አለች ሳቂታ።

«ሙድ አትያዢብኝ። እኔ እቀባለሁ እንጂ አላነብም።»

«የምሬን ነው። አሞኛል።»

«ምንሽን?»

ሳቂታ መጀመሪያ በሩን አየች። «ታች። ስሸና እንደ እሳት ያቃጥለኛል። ሁለት ሳምንት ሆነኝ። አሁን ደግሞ ወገቤን ይወጋኛል፣ ያንቀጠቅጠኛል።»

ልቅሜ ብሩሹን ጣሳው ላይ አጋደመችው። አስተማሪዋ ሐሙስ ሐሙስ የምትለው ትዝ አላት፦ «እዚያ አካባቢ የሚመጣ በሽታ ንጹሕ ሴት ልጅ ደጅ አይደርስም።»

«ምንም አላደረግሁም» አለች ሳቂታ፣ የታሰበውን የሰማች ይመስል። «ወንድ እጄን እንኳን ይዞኝ አያውቅም።»

«አምንሻለሁ።»

«አንቺ ብታምኚኝ ምን ዋጋ አለው? ክሊኒክ ለመሄድ ፈቃድ ወረቀቱ ላይ ምክንያት ይጻፋል። ምን ብዬ ልጻፍ? ለእማዬ ብነግራት ቀጥታ ቲቸር ጋ ነው የምትሮጠው። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ሙች በይ!»

«ሙች» አለች ልቅሜ።

ቤቷ እንደገባች የራሷን የባዮሎጂ መጽሐፍ ከቦርሳዋ አወጣች። አምና በገዛ እጇ ያጣበቀችው ነው። እናቷ ለደንበኛ ቀሚስ ልታስለካ ወጣ ስትል እርጥብ ጨርቅ በምዕራፍ ሰባት ላይ አንጥፋ የጋለውን ካውያ አሳረፈችበት። እንፋሎቱ ተትጎለጎለ። የገጹን ጫፍ በመርፌ ፈልቀቅ አድርጋ ቀስ ብላ ሳበችው። ወረቀቱ ተቀደደ። ሌላ ቦታ ሞከረች፤ እሱም ተቀደደ። ፊደሎቹ ከዚያኛው ገጽ ጋር ተጣብቀው ሲቀሩ፣ እጇ ላይ የተላጠ ነጭ ወረቀት ብቻ ተረፈ። ከአሥር ገጽ ሁለት መስመር አዳነች፦

«…የግብረ ሥጋ ግንኙነት ፈጽማ በማታውቅ ልጅ ላይም ይከሰታል። ትኩሳትና የወገብ ሕመም ካለ ሳይውል ሳያድር…»

ከዚያ በኋላ ያለው ተልጧል።

«ምንድን ነው የሚሸተው? ቤቱን ልታቃጥዪው ነው?» እናቷ በሩ ላይ ቆማለች።

ልቅሜ መጽሐፉን ዘጋችው። «እማዬ… አንዲት ልጅ ብትታመም፣ ማለቴ ታች አካባቢ…»

የእናቷ ፊት አመድ መሰለ። «አንቺ ነሽ? ወይኔ ጉዴ! ማን ነክቶሽ ነው? ተናገሪ!»

«ማንም! ለፈተና ነው። ጥያቄ ነው።»

«የምን ፈተና? እንዲህ ያለውን ደግሞ መቼ ነው የሚጠይቋችሁ?» እናትየው መልስ ሳትጠብቅ የልጇን ግንባር ዳበሰች፣ ዓይኖቿን አየች፣ ትኩሳት ስታጣ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ልቤን አታቁሚው፣ ልጄ።»

ልቅሜ መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

በማግስቱ ቅዳጁን ለሳቂታ አሳየቻት። ሳቂታ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ሳይውል ሳያድር ምን?»

«እንጃ። ቀሪው ተቀደደ።»

«ማን ነው እንዲህ አርጎ ያጣበቀው?» ሳቂታ ልትስቅ ሞከረች፤ ወገቧ አልፈቀደላትም።

«ለእማዬ ልንገራት?» አለች ልቅሜ።

«ምለሻል እኮ!»

ምላለች። ሦስት ቀን ዝም አለች። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ የጸሎት ሰልፍ ላይ ሳቂታ ከፊቷ ቆማ ሳለ ሲሚንቶው ላይ በግንባሯ ተደፋች።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ልቅሜ ከእናቷ ጋር ቆማለች። ነርሷ ሊፍቱን እየጠበቀች ቶሎ ቶሎ ትናገራለች።

«የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ውሃ የሌለው ሽንት ቤት፣ ቀኑን ሙሉ ሽንት ይዞ መዋል፣ ማንንም ያሳምማል። በጊዜው ብትመጣ ኪኒን ውጣ ትሄድ ነበር። አሁን ኩላሊቷን አልፎ ደሟ ውስጥ ገብቷል።»

«ትድናለች?» አለች እናትየው።

ነርሷ የሊፍቱን ቁልፍ እንደገና ተጫነች።

እናትየው ወደ ልጇ ዞረች። «ያን ቀን የጠየቅሽኝ…»

«ልነግርሽ ነበር» አለች ልቅሜ።

ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን የምታስበው እናቷ፣ ክፉው ደጃፏ መጥቶ ሲያንኳኳ በሌላ በር ስትጠብቀው ነበር። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

ሐሙስ ዕለት ሳቂታ ገና ዓይኗን አልገለጠችም። አስተማሪዋ ክፍሉን አስነሥታ አጸለየች። ከልቧ ነው፤ ድምፅዋ ተንቀጥቅጧል። ሲጨርሱ ግን እንዲህ አለች፦ «ምን እንደሠራች ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። ለእናንተ ትምህርት ይሁናችሁ።» ከኋላ ወንበር አንዷ «ከማን ጋር ይሆን?» ብላ ስታንሾካሹክ ተሰማ።

ልቅሜ እጇን አነሣች። አስተማሪዋ አላየቻትም፤ ወይ አይታ አልፋታለች። እጇ እስኪዝል ጠበቀች፤ ከዚያ አወረደችው።

ደወል ሲደወል አስተማሪዋ ጠራቻት። «የቀሩት መጻሕፍት ገብተዋል። አንቺን ባላገኝ ምን ይውጠኝ ነበር?» ብላ የዱቄቱን ከረጢትና ጣሳውን አስታቀፈቻት።

የትምህርት ቤቱ ማብሰያ ቤት ውስጥ ልቅሜ ዱቄቱን ድስት ውስጥ ጨመረች። አንድ ኩባያ ውሃ ጨመረች። የምትጨምረው ሁልጊዜ ይህንኑ ያህል ነበር። እጇ ኩባያውን እንደያዘ ቆየ። ሁለተኛ ቀዳች።

ምግብ አብሳይዋ ሽንኩርቷን ትታ አንገቷን አሰገገች። «አንቺ ልጅ፣ ወተት አደረግሽው እኮ! ይሄ ሲደርቅ ይላቀቃል።»

«አውቃለሁ» አለች ልቅሜ።

ሦስተኛውን ኩባያ ቀድታ ጨመረችና ማማሰል ጀመረች።