ከዜሮ በታች አርባ አምስት

የኦረስት ሀሉሽካን አሮጌ መኪና ያገኘው የበረዶ ጠራጊው ሹፌር ነው። ረቡዕ ጠዋት፣ ከሄሪክ ከተማ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ መኪናዋ እስከ በሯ እጀታ በበረዶ ተውጣ ቆማ ነበር። ኦረስት ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ፣ መሪው ኋላ እንደተቀመጠ ደርቋል። እግሩ ሥር ባለው የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ሦስት ሻማዎች ነድደው አልቀዋል።

የሄሪክ ጋራዥ ባለቤት ሞሪስ ዴጃርሌ መኪናዋን እንዲጎትት ተጠርቶ ሲሄድ፣ የባቡር ሀዲዱ ማቋረጫ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆቡን ከፍ አደረገ። እዚያ የክላረንስ ናፖፕ መስቀል ቆሟል። ክላረንስ ባለፈው ክረምት ጠፍቶ፣ በረዶው ሲቀልጥ ቦዩ ውስጥ የተገኘ ወጣት ነው። አውሬ ስላገኘው እንዴት እንደሞተ በቅጡ አልታወቀም። ጠጥቶ ነው ተባለና ተቀበረ።

የፖሊስ ሳጅኗ ዩኒስ ካርዲናል መኪናዋን እየዞረች ታይ ነበር። በነዚህ መንገዶች ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሬሳ ያነሳች፣ አጭር፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት።

«ከመስኮቶቹ ሁሉ ከውስጥ አመዳዩን የፋቀው የኋላውን ብቻ ነው» አለች። «ኮፈኑን ክፈተው እስቲ።»

ሞሪስ ከፈተው። በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የራሱ እጅ ጽሑፍ በነጭ ቀለም ጠበቀው፦ *−45፣ ጥቅምት 9፣ ሞ.* በየመከሩ የሚያሰናዳው መኪና ሁሉ ላይ ይህን ይጽፋል፤ ኩላንቱ፣ ማለትም የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ እስከ ስንት ዲግሪ ብርድ እንደማይረጋ ማለት ነው። ከቁጥሩ ሥር ያለው ራዲያተር ግን ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል።

«ማክሰኞ ስንት ነበር ብርዱ?» አለች ሳጅኗ።

«አርባ አንድ።»

«ያንተ ቁጥር አርባ አምስት ይላል።»

ሞሪስ ቁጥሩን በጓንቱ ጠረገው። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሰሞኑን ይረሳል። ባለፈው ሳምንት ፒንሳውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አግኝታው ሚስቱ ጆርጂና ስትስቅበት ውላለች። በጥቅምት ራዲያተሩን በውሃ አጥቦ ኩላንቱን መሙላት ረስቶ ቢሆንስ? የአርባ ዓመት ወዳጁን በገዛ እጁ ገድሎ ቢሆንስ?

ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ጋራዡ ውስጥ በረዶዋን አራገፈች። ሳጅኗ ከራዲያተሩ የሚንጠባጠበውን በኩባያ ተቀበለች። ሞሪስ መለኪያውን አስገብቶ ሳበ። ኩላንት ካለበት በመለኪያው ውስጥ ያሉት ትናንሽ ኳሶች ይንሳፈፋሉ። አንዲትም አልተነሳችም።

«የቧንቧ ውሃ ነው» አለ ሞሪስ። «እኔ ነኝ፣ ዩኒስ። ጻፊው።»

«ቆይ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ብርዱ ሠላሳ አልገባም?»

«ሠላሳ ሁለት ገብቷል።»

«ከጥቅምት ጀምሮ ውሃ ቢሆን ያኔውኑ ይፈነዳ ነበር። ይህ ውሃ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ የመጣችው መቼ ነው?»

«ሰኞ፤ ባትሪ ልቀይርላት። ግን መኪና ጎትት ተብዬ ወጣሁ። ስመለስ ኦረስት ወስዷታል።»

«ባትሪውን ማን ቀየረው?»

«እኔ» አለች ጆርጂና ከጠረጴዛዋ ኋላ። ረጅም፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ለሠላሳ ዓመት ባሏ በሌለበት ሁሉ ጋራዡን የምትይዝ ሴት ናት። «ባትሪ ለመቀየር ካህን አይጠራም።»

ሳጅኗ ፈገግ ብላ ከጠረጴዛው በላይ የተሰቀለውን ጥቁር ሰሌዳ አየች። ከሄሪክ በክረምት መንገድ የሚወጣ ሁሉ መጀመሪያ እዚህ ይደውላል፤ ስሙና የወጣበት ሰዓት በጠመኔ ይጻፋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ «ደርሻለሁ» ብሎ ካልደወለ ሞሪስ ጎታች መኪናውን አስነስቶ ፍለጋ ይሄዳል። የመንገዱ ግማሽ ላይ ሞባይል አይሠራም።

«ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ያነሳሽው አንቺ ነሽ?»

«ሁልጊዜም እኔ ነኝ። እሱ ስልክ ሲያነሳ እንደ ታሰረ ውሻ ነው የሚጮኸው።»

«ኦረስት ደውሎ ነበር?»

«ቢደውል ሰሌዳው ላይ ይኖር ነበር።»

ሳጅኗ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ጎታቹ መኪና ሄደች። የፊቱን መብራቶች አንድ በአንድ ዳሰሰች።

«የቀኙ ፍሬቻ አዲስ ነው።»

«ባለፈው ክረምት አጋዘን መታሁ» አለ ሞሪስ። «ማቋረጫው ጋ። ነፋሱ በረዶውን እያነሳ የራሴን ኮፈን እንኳ አላይም ነበር።»

«ስጋውን አላመጣኸውም?»

«በማግስቱ ጆርጂና ሄዳ አየችው። ተኩላ ጨርሶታል አለች።»

ሳጅኗ ማስታወሻዋን አውጥታ አንድ መስመር ጻፈች።

የኦረስት ታናሽ ወንድም ቪክቶር በዚሁ መሐል ገባ። ወንድማማቾቹ በአንድ ግቢ ጎን ለጎን እየኖሩ ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም።

«ገዳዩ ይሄ ነው» አለ፣ ጣቱን ወደ ሞሪስ ቀስሮ። «እጁ ጃጅቷል። ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

«ግቢያችሁ አንድ ነው፣ አቶ ቪክቶር። ውሃውን እርስዎም ሊጨምሩት ይችሉ ነበር» አለች ሳጅኗ በለሰለሰ ድምፅ። «ማክሰኞ ጠዋት ምን አዩ?»

ሽማግሌው ጣቱን አጠፈ። «የሞተር ማሞቂያውን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀለ። መስታወቱን ፋቀ። ተመልሶ ገባና ስልክ አወራ፤ በመስኮቱ ይታየኛል። ከዚያ ወጣ።»

«ስልኩን ሲያወራ ቆቡን አውልቆ ነበር?»

«አላወለቀም። ጓንቱንም አላወለቀም።»

«ማታ ሳይመለስ ሲቀርስ?»

ቪክቶር ወለሉን አየ። «የራሱ ጉዳይ ነው አልኩ።»

በማግስቱ ሐሙስ ሳጅኗ ሦስቱንም በጋራዡ ሰበሰበቻቸው። የኦረስት መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ መሐላቸው ቆማለች። ሳጅኗ የቡናውን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሰኞ ማታ ኦረስት ደወለልኝ። ‹ነገ በሦስት ሰዓት አንድ ነገር ላሳይሽ ፎርት ዳንሲ ጣቢያሽ ድረስ እመጣለሁ› አለኝ። በቀጠሮው አልመጣም። ሐሳቡን ቀየረ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ይህ ጥፋት የኔ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።»

ትንፋሿን ሰብስባ ቀጠለች።

«ማታውን መኪናዋ ግቢ ውስጥ በማሞቂያው ላይ አደረች። ማሞቂያው ሞተሩን ያሞቃል፣ ራዲያተሩን ግን አያሞቅም። ሞሪስ፣ ራዲያተሩ ውሃ ቢሆን ምን ይፈጠራል?»

«ራዲያተሩ ድንጋይ ይሆናል። ሞተሩ ግን ይነሳል። ትንሽ እንደሄደ ውሃው አልዞር ይልና…» ሞሪስ የተተረተረውን ራዲያተር አየ። «በዚያ ብርድ ውስጥ ሞተሩ በሙቀት ነው የሚሞተው።»

«ከሰው ርቆ፣ መንገድ ላይ። ይህን ያደረገ ሰው መኪና ያውቃል። አቶ ቪክቶር መኪና ነድተው አያውቁም፤ ግሮሰሪ እንኳ በእግራቸው ነው የሚሄዱት። ከዚያስ? ኦረስት መኪናውን ጥሎ አልሄደም። ለምልክት ጎማ አውጥቶ አላቃጠለም። ሻማውን አንድ በአንድ እያበራ በኋላው መስኮት ከሄሪክ የሚመጣውን መንገድ ሲያይ ነበር። የሚመጣ ሰው እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚጠብቀው። ቆቡን እንዳደረገ ያወራው ስልክ የመውጫ ስልክ ነው። መዝገቡን ዛሬ ጠዋት አየሁት፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃምሳ፣ ወደዚህ ጋራዥ።»

ጆርጂና አልተንቀሳቀሰችም። «የተሳሳተ ቁጥር መስሎኝ ዘግቼ ይሆናል።»

«ሁለት ደቂቃ ሙሉ?»

ሳጅኗ ግድግዳው ሥር ወደተደረደሩት ጀሪካኖች ሄዳ አንዱን አነሳች። «ሞሪስ፣ አረንጓዴ ኩላንት ለየትኛው መኪና ነው የምትጠቀመው?»

«ለአሮጌዎቹ። ዘንድሮ የቀረችው የኦረስት ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ ብርቱካናማ ነው።»

«አንብበው።»

በጀሪካኑ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር የጆርጂና ጽሑፍ ነበረበት። ደህና ኩላንት በዚህ ቤት አይደፋም። የወጣ ሁሉ ይለካል፣ ይጻፍበታል፣ ይቀመጣል። ሞሪስ ራሱ ነው ያስተማራት፤ ለሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አልዘነጋችም።

*አረንጓዴ። −45። ሰኞ።*

ሞሪስ ሁለቴ አነበበው። እጁ እንዳልረሳ ያን ጊዜ አወቀ። በጥቅምት የሞላው ኩላንት ይኸው፤ አንድ ዲግሪ አልጎደለውም። ሌሊቱን ሙሉ ምነው እኔ ባልሆንኩ ሲል አድሯል። አሁን ምነው እኔ በሆንኩ አለ።

«ለምን?» ሲል የሰማው ድምፅ የቪክቶር ነበር።

ሳጅኗ ከቡናው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከሻማው ቅሪት ሥር፣ የአውራ ጣት የሚያህል ቢጫ ስባሪ አወጣች። «ኦረስት ሊያሳየኝ የያዘው ይህን ነው። በዚህ አገር አጋዘን መትቶ ስጋውን የሚተው ሰው አላውቅም። ስለዚህ ጠየቅሁ። የጎታቹ የድሮ ፍሬቻ እዚሁ፣ በሚጣለው ብረት ክምር ላይ ነበር። ስባሪው ገጠመው።»

ሞሪስ ማቋረጫው ታየው፤ መስቀሉ፣ ቆቡን የሚያነሳበት ቦታ። መኪናዋን ተደገፈ።

«ጂና፣ አጋዘን ነበር አይደል?»

ጆርጂና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። «በማግስቱ ሳይነጋ የእጅ ባትሪ ይዤ ሄድኩ። ስደርስ ልጁ ደርቋል። አጋዘን ነው አልኩህ፣ አንተም ተኛህ። ከሁለታችን አንዱ እንኳ ይተኛ ብዬ ነው።»

«ኦረስት ምን አለሽ?»

«ሰኞ ያን ስባሪ፣ ማቋረጫው ጋ ያገኘውን፣ ይዞ መጣ። ‹ከኔ አፍ ከሚሰማ ካንቺ ይስማው፣ ነገ ለዩኒስ እነግራታለሁ› አለ። አለቀሰ። ማክሰኞ ሲደውል ‹ወጣሁ፣ ጻፊኝ› አለኝ። ከዚያ ስለ ወገብህ ጠየቀኝ። ‹መኪናዋ ልትሞትብህ ነው፣ አትሂድ› ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።»

ቪክቶር ቆቡን በእጁ እያዞረ ቆየና በቀስታ ወጣ።

ሳጅኗ ጆርጂናን ካፖርቷን እስክትለብስ ጠበቀቻት። በሩ ላይ ወደ ሞሪስ ዞረች።

«ነገ ላንተ እመለሳለሁ። የክላረንስ እናት ዘንድ መጀመሪያ እኔ ልሂድ።»

«መቼስ የት እሄዳለሁ» አለ ሞሪስ።

ጆርጂና ደፉ ላይ ቆም አለች። ሰሌዳውን በአገጯ አመለከተችው። «ጻፈን።»

የሳጅኗ መኪና ሲነሳ ሞሪስ ጠመኔውን አነሳ። ከሁሉ በላይ *ኦረስት፣ 1፡50* ብሎ ጻፈ። ከሥሩ *ዩኒስ፣ ጂና፣ 4፡15* አለ። ከዚያ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠ።

ለአምስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ደርሰናል» አለች ሳጅኗ።

ሞሪስ ተነስቶ የታችኛውን መስመር በእጅጌው አጠፋው። የላይኛውን ተወው። ለእሱ የሚደውል አልነበረም።