ሳይፈተሽ የተበየደ ሸራ

«እግርህን አንሳ! ገና ትኩስ ነው!»

ሙሄዲን ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ። በኮምቦልቻ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሶሌታ፣ በኮንክሪቱ ጣሪያ ላይ፣ በዚያች ደቂቃ የተበየደ ነጭ ሸራ ረግጦ ቆሞ ነበር። የጮኸችበት ልጅ የሙቅ አየር መበየጃውን እንደያዘች፣ ከተንበረከከችበት ቀና ብላ ተመለከተችው። ላቧ ከሻሿ ጠርዝ ይንጠባጠባል።

«መንገድ መሰለህ እንዴ? ጫማህ ያበላሸውን ማን ሊያስተካክለው ነው?»

«እኔው ነኛ» አለ ሙሄዲን ባርኔጣውን እያወለቀ። «አዲሱ የሥራ ኃላፊ ነኝ።»

ማዶ ሸራ ይዘረጉ የነበሩት አዛውንት፣ ጋሽ አራጋው፣ ሳቃቸው አመለጣቸው። «በይ ሱዓድ፣ ደህና ሰንብቺ! ሥራሽ ዛሬ አከተመ!»

«ወላሂ አላወቅኩዎትም» አለች ሱዓድ አንገቷን ደፍታ። ወዲያው ግን ቀና አለች። «ቢሆንም ኃላፊም ይሁኑ ሌላ፣ ትኩስ ብየዳ አይረገጥም።»

እንዲህ ነበር የተዋወቁት።

ያ ሸራ ለአካባቢው አዲስ ነገር ነበር። ቀድሞ የኮንክሪት ጣሪያ በካትራሜ፣ በጥቁሩ ሬንጅ፣ ይለበጥ ነበር፤ ካትራሜውም በኮምቦልቻ ፀሐይ እየቀለጠ፣ በብርድ እየተሰነጠቀ ብዙ ሳይቆይ ያፈስሳል። ይህ ሰው ሠራሽ ሸራ ግን ከጥፍር ብዙም የማይወፍር፣ የፀሐይን ሙቀት መልሶ የሚገፋ ነው። ጠርዞቹ ተደራርበው በሙቅ አየር ሲበየዱ አንድ አካል ይሆናሉ። ከሥሩ የሚሠሩት የፋብሪካው ሴቶች «ሙቀቱን አቀለልሽልን» እያሉ በምሳ ሰዓት ሲመርቋት ሱዓድ የምትገባበት ይጠፋት ነበር።

ሙያው የማይታለፍ ሕግ አለው። በየማለዳው፣ ዋናው ሥራ ሳይጀመር፣ ሁለት ቁራጭ ሸራ ይበየድና ሲቀዘቅዝ በእጅ ይሳባል። ሸራው ተቀድዶ ብየዳው ከጸና የመበየጃው ሙቀት ልክ ነው፤ ብየዳው ከተላቀቀ ግን እንደገና ይስተካከላል። በየብየዳው መስመር ዳር ደግሞ የሠራው ሰው ስም ይጻፋል። ሱዓድ ይህን ሕግ እንደ ሶላቷ ትጠብቀው ነበር።

«ለምን በየቀኑ ትፈትሺያለሽ?» አላት ሙሄዲን አንድ ማለዳ። «መበየጃው ያው፣ ሸራው ያው፣ አንቺም ያው።»

«እኔ ያው መሆኔን በምን አወቅህ?» በሦስተኛው ወር «እርስዎ» መባባል ቀርቶ ነበር።

«ዐይንሽ ነግሮኝ...»

«ዐይኔን ተውና ሸራውን ሳብ!»

ጫፍና ጫፍ ይዘው ሳቡ። ሸራው ድንገት ሲቀደድ ሁለቱም በየፊናቸው በጀርባቸው ወደቁ።

«ጋሽ አራጋው፣ ኧረ ይገላግሉን!» አለ ሙሄዲን እየሳቀ።

«እናንተንስ ቃዲው ይገላግላችሁ!»

እውነትም ጋሽ አራጋው ክርስቲያን ቢሆኑም የሙሄዲን ዋና ሽማግሌ ሆነው ወደ ሱዓድ አባት ቤት ሄዱ። አባትየው ጋሽ ተውፊቅ ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ የሠሩ ጡረተኛ ናቸው። «ልጄን ለሥራ ፈት አልሰጥም» አሉ። «ሥራውን አክብሮ የያዘ ከሆነ መርሐባ።» ኒካሓው፣ የጋብቻ ውሉ፣ ከክረምቱ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

በሰኔ ሠራተኞቹ ወደ ደሴ ወጡ። ቧንቧ ውሃ ሠፈር የአንድ ክሊኒክን ሶሌታ በዚሁ ሸራ ሊያለብሱ ነው። የመጀመሪያው ማለዳ ጭጋግ ነበረ፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ አጥንት ይሰብራል።

«ቁራጩን ልፈትሽ» አለች ሱዓድ።

«ዛሬስ ይቅር። ደመናውን አታዪም?»

«ይህ ደሴ ነው ሙሄዲን፤ ብርዱ ሙቀቱን ይወስደዋል። የኮምቦልቻው ልክ እዚህ አይሠራም።»

«ትናንት ኮምቦልቻ እንደ ብረት ይዞ የለም እንዴ? ጀምሪ፣ ዝናቡ እንዳይቀድመን። ምነው... እኔን አታምኚኝም?»

ሱዓድ የያዘችውን ቁራጭ አስቀመጠች። ተንበርክካ መበየድ ጀመረች።

በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ውሃው በብየዳው መስመር ገብቶ ሶሌታውን አልፎ ወደ ክፍሎቹ ወረደ። አንዲት አራስ ከነሕፃኗ፣ ከነአልጋዋ ተነሥታ ቀዝቃዛ ኮሪደር ላይ ተኛች።

በማግሥቱ የድርጅቱ አለቃ ኢንጂነር ደምለው ከኮምቦልቻ መጡ። ሶሌታው ላይ ቁጢጥ ብለው የሸራውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ቢገፉት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ከዳሩ የተጻፈውን ስም አነበቡ።

«ሱዓድ! ቁራጩ ተፈትሾ ነበር?»

ሱዓድ ወደ ሙሄዲን ተመለከተች። ሙሄዲን ዐይኑን ወደ ጦሳ ተራራ አዞረ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያ ቃል ግን አልወጣም።

«አልተፈተሸም» አለች። «የበየድኩትም እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ አትምጪ።»

ሙሄዲን ደረጃው ላይ ደረሰባት። «ሱዓድ፣ ስሚኝ! እኔም ብባረር አባትሽ ምን ይላሉ? ዝም ያልኩት ለኒካሓችን ስል ነው... ነገሩ ሲበርድ እኔው አስመልስሻለሁ።»

«ዝናቡ ሳይመጣ ልሂድ» ብላ ብቻ ወረደች። ሙሄዲንም ጥፋቱን በላይዋ የወሰደችው ለፍቅራቸው ስትል እንደ ሆነ አመነ። ሰው ለራሱ የሚመቸውን ትርጉም ለማግኘት ሩቅ አይሄድም።

ሳምንት ሙሉ ቢደውል ስልኳን አላነሣችም። ጨነቀውና ጋሽ አራጋውን ለመናቸው።

«እባክዎ ይሂዱና ያነጋግሩልኝ።»

«ምን ብዬ? ‹ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቅጣቱ ያንቺ ነው› ብሏል ልበላት?»

«ጋሽ አራጋው...»

«ሽማግሌ ሚስት ይለምናል እንጂ በሰው ፈንታ እውነት አይናገርም። አፍ አለህ፤ መጀመሪያ ኢንጂነሩ ዘንድ ሂድ።»

ሄደ። ብየዳውን ለማስጠገን ደሴ ለሰነበቱት ኢንጂነር ሳይሸራርፍ ተናገረ። ኢንጂነር ደምለው የኃላፊነቱን ቦታ ነጥቀው ወልዲያ ላለ ሥራ በተራ ሠራተኛነት መደቡት፤ ሱዓድን በዚያው ቀን ወደ ሥራዋ መለሷት። ሙሄዲን ቅጣቱን እንደ ምርቃት ተቀብሎ፣ ልቡ እየዘለለ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።

ጋሽ ተውፊቅ በር ከፈቱለት፣ አስቀመጡት፣ ሱዓድንም ጠሩለት። ራሳቸው ጥግ ይዘው ተቀመጡ።

«ሁሉንም ተናገርኩ» አላት። «ኃላፊነቴንም አጣሁ። ይሁን፣ አልከፋኝም... አንቺ ብቻ ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ። አላህም ይቅር ይበልህ።»

«እንግዲያው ኒካሓው...»

«ኒካሓው ቀርቷል።»

ሙሄዲን ከመቀመጫው ተነሣ። «ለአንዲት ደቂቃ ዝምታ? ለአንዲት ደቂቃ ሱዓድ!»

«ያንተ ዝምታ አይደለም። የእኔው ነው።»

«ያንቺ ምን ዝምታ?»

«ብየዳው እንደማይዝ አውቅ ነበር። እጄ ያውቅ ነበር። ‹አታምኚኝም?› ስትለኝ አፌ ታሰረ። በአባቴ ፊት፣ በኢንጂነሩ ፊት ታስሮ የማያውቅ አፍ! ያቺ አራስ ብርድ ላይ የተኛችው አንተን እንዳላስቀይም ብዬ ነው። ነገ ልጃችን ታሞ አንተ ‹ይቅር፣ ይሻለዋል፤ አታምኚኝም?› ብትለኝስ?»

«አልልሽም! ወላሂ ዳግመኛ አልልሽም!»

«አንተ ላትለኝ ትችላለህ። እኔ ግን ሳትለኝም እሰማዋለሁ።»

«ጠልተሽኝ ነው?»

ሱዓድ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ብጠላህማ ኖሮ በዚያ ማለዳ እምቢ እልህ ነበር...»

ይህን ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ሙሄዲን ባርኔጣውን አነሣ። የሚታረመውን ሁሉ አርሟል፤ የሚከፈለውን ሁሉ ከፍሏል። የቀረው በእጁ አልነበረም።

ፍቅር ይቅርታን ይወልዳል ሲባል ኖሯል፤ እውነት ነው። ይቅርታ ግን ሁልጊዜ ጋብቻን አይወልድም።

ጋሽ ተውፊቅ ጋቢያቸውን ደርበው እስከ አስፋልቱ ሸኙት።

«ትናንት ስለ አንተ ለምኛታለሁ» አሉት። «ልጄን ለምኜ አላውቅም ነበር። አልሆነም።»

«ሌላ ጊዜ ቢሞክሩልኝስ?»

«የእሷን ቃል እኔም አልሽረውም። አብሽር ልጄ።»

ከመንገዱ ዳር የደሴ ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ሾፌሩ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራል። ሙሄዲን፣ የወልዲያ መንገዱ በደሴ ስለሆነ፣ የአባትየውን እጅ ስሞ ገባ። የጎደለው አንድ ሰው እርሱ ነበርና መኪናው ሞልቶ ወዲያው ተነሣ።