ገና ያልደወልኩት ስልክ

ወዳጄ፣ አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ፊት ለፊቱ የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ አባታችን ከጎጃም በአስተማሪነት መጥቶ አርባ ምንጭ ላይ የከረመ የሂሳብ መምህር ስለነበር ቤታችን ውስጥ ያልተረጋገጠ ነገር አይወራም፣ ህልም እንኳ ቁርስ ላይ አይነገርም ነበር፣ እና ይሄን የምነግርህን ነገር ሌላ ሰው ቢያወራኝ እኔም አላምነውም ነበር፣ ባታምነኝ አልቀየምህም።

ጊዜው ሞባይል ገና እንደ ልብ ያልሆነበት፣ ሰፈራችን ሲቀላ ውስጥ ባጃጅ መብዛት የጀመረበት ሰሞን ነው። አባታችን ጡረታ ወጥቶ ከእናታችን ጋር ወደ አገሩ ተመልሷል፣ ቤቱ ለእኔና ለወንድሜ ለመስፍን ቀርቷል። መስፍን በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፣ ዝምተኛ ነው፣ ያለችው ሱስ አንዲት ናት፣ ሳሎን ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር አስቀምጦ ጌም መጫወት፣ ያውም እንደ ኳስና እንደ መኪና ሽቅድድም ቶሎ የሚያልቀውን ሳይሆን፣ ታሪክ ያለውን፣ አገር ላገር እየዞርክ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር እያወራህ ወራት የሚፈጀውን። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ዳንቴል እየሠራሁ እንደ ተከታታይ ድራማ አየዋለሁ።

ያን ሰሞን የያዘው ጌም ታሪኩ እንዲህ ነው፣ አንድ ልጅ ትንሽ ሳለ መንደሩን ጎርፍ ይወስደዋል፣ እሱን ግን ፊቱን የተከናነበ ሰው ከወንዙ ማዶ ጮሆ አስጠንቅቆት ይተርፋል፣ አድጎ ያንን ባለውለታ ሲፈልግ ሲፈልግ ወደ ድሮ ዘመን የሚመልስ በር ያገኛል፣ ለካ ያ የተከናነበው ሰው ራሱ ኖሯል፣ ካደገ በኋላ ተመልሶ የሄደው እሱው።

እዚህ ላይ ተጣላን ማለት ይቻላል። ይሄማ የማይሆን ነገር ነው አልኩት፣ ካልዳነ አያድግም፣ ካላደገ ተመልሶ አያድነውም፣ ታዲያ መጀመሪያ ማን አዳነው? መስፍን መጀመሪያ የሚባል ነገር እንደሌለው፣ ነገሩ እንደ ቀለበት እንደሆነ አስረዳኝ፣ ልጁ ድኗል፣ ያ አለቀ፣ ቢሆንም አንድ ቀን መሄዱ አይቀርለትም አለኝ።

«እምቢ ቢልስ?» አልኩት።

«እስቲ ሞክሪው» አለኝ።

አንድ ቅዳሜ መስፍን የጓደኛው አባት አርፈውበት ለለቅሶ ተራራው ላይ ወዳለችው ጨንቻ ወጣ፣ እኔ ብቻዬን ቀረሁ፣ ከምሳ በኋላ ዝናቡ ጣለ፣ መውጣት ስላልቻልኩ እስቲ እምቢ ይበል ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ልጁን በሩን እንዳይነካ አድርጌ መንደር ለመንደር አዞርኩት፣ አሳ አጥማጁን አናገርኩ፣ አንጥረኛውን አናገርኩ፣ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፣ ወንዙ ይጠብቅሃል። ጌሙ እንዲህ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ይሄ አላስደነቀኝም፣ ግን እመነኝ፣ ከዝናቡ ጋር ደጋግመህ ስታነበው ደስ አይልም።

በዚህ መሃል የቤታችን ስልክ ቅጭል አለ፣ አንዴ ብቻ፣ አጭር። አንገቴን አዙሬ አየሁት፣ ምክንያቱም ያ ስልክ ሞቷል፣ የሾላ ቅርንጫፍ ወድቆ ሽቦውን ከበጠሰው ሰንብቷል፣ የሚጠግን ሰው እስኪመጣ እየጠበቅን ነበር። ተነስቼ አነሳሁት። ጭው የሚል ነገር የለም፣ ዝም ነው፣ ከዝምታው ውስጥ ግን ቀስ እያለ እንደ ዝናብ ያለ ድምፅ መጣ፣ የእኛ ዝናብ አልመሰለኝም፣ የእኛ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ያኛው ለስላሳ ነው፣ ከዚያ የሰው ትንፋሽ የሚመስል፣ አፍንጫውን የሳበ ሰው የሚመስል። ሃሎ አልኩ። ዝም። እርጥበት ገብቶበት ነው ብዬ ዘጋሁት፣ ወደ ጌሜ ተመለስኩ፣ አልፈራሁም፣ እውነቴን ነው።

መስፍን አመሻሽ ላይ በስብሶ ገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ መጥቶ አቀፈኝ፣ እኛ ቤት መተቃቀፍ አልተለመደም። «እንዴት አወቅሽ?» አለኝ።

ምኑን ስለው የሆነውን ነገረኝ። ጨንቻ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጦ መኪናው እስኪሞላ ሲጠብቅ ሞባይሉ ጮኸ፣ የቤት ቁጥር ነው፣ እኔ ነኝ፣ ከመኪናው ውረድ፣ አትከራከረኝ ብዬዋለሁ፣ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ቀልድ ስለማልቀልድ ደንግጦ ወረደ፣ እሱ በተነሳበት ወንበር ረዳቱ የፖም ካርቶኖች ደረደረበት፣ መኪናው ሄደ። በሚቀጥለው መኪና ሲወርዱ ከዶርዜ ወዲህ ያ ሚኒባስ ተንሸራቶ ከገደሉ ጥግ ተጋድሟል፣ ሰው ሁሉ ተርፏል፣ አንዳንዱ ተላልጧል፣ ከሾፌሩ ጀርባ ባለው መስኮት ግን ትልቅ ድንጋይ ገብቶ ካርቶኖቹን ጨፍልቋቸዋል፣ ፖሙ መንገዱን ሞልቶታል።

እኔ አልደወልኩም አልኩት። ሳቀ። ስልኩ እኮ አይሠራም ስለው ሳቁን አቆመ፣ ሞባይሉን አውጥቶ አሳየኝ፣ ቁጥሩ የእኛ ነው፣ ሄዶ እጀታውን አነሳ፣ ጆሮው ላይ ብዙ አቆየው፣ ቀስ ብሎ መለሰው። ደግሞ ያ ስልክ የጮኸብኝ ሰዓትና እሱ የተደወለለት ሰዓት ተቀራራቢ ነው። በማግስቱ ሽቦው በተበጠሰበት ቦታ ሄደን ቆመን አየነው፣ ጫፉ ጭቃ ውስጥ ነው።

«የእኔ ድምፅ መሆኑን እርግጠኛ ነህ?» አልኩት።

«አንቺ ነሽ» አለ፣ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «ጎርነን ብለሻል እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ብዙ አላወራንም፣ ለአባታችንም አልነገርነው። እኔ አገባሁ፣ እዚሁ ሲቀላ ነው ያለሁት፣ መስፍን ወደ ምዕራብ ዓባያ ተዛውሮ እዚያ ይሠራል፣ በሳምንት በሳምንት ይመጣል። በልቤ ግን አንድ ነገር አስልቼ ነበር፣ እሱ ስለ ጌሙ ልጅ እንዳለው ከሆነ መስፍን ድኗል፣ ደዋይዋ ግን ገና አልደወለችም፣ አንድ ቀን፣ በማላውቀው መንገድ፣ ትደውላለች። እንዲህ እያሰብኩ እንኳ ብዙ አልከፋኝም፣ ወንድሜን ማዳን ከሆነ ይሁን አልኩ።

ባለፈው ክረምት ግን ከመስፍን ጋር ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ዓሣ ጥብስ እየበላን ድንገት፣ ያን ቀን ያልነገርኩሽ ነገር አለ አለኝ። እንዳልረበሽ ብሎ ነው የደበቀኝ። ያቺ ደዋይ ታለቅስ ነበር። መስፍን እሺ ወርጃለሁ፣ ልዝጋው ሲላት፣ አትዝጋው ብላዋለች።

«አትዝጋው፣ ዝም ብለህ አውራኝ፣ ድምፅህን ልስማ፣ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ መሰለህ።»

መስፍን ይሄን ነግሮኝ ዓሣውን መብላት ቀጠለ፣ ጤነኛ ነው፣ ይስቃል፣ ገና ጎልማሳ ነው። እኔ እጄን ታጥቤ ውስጥ ገባሁና ጓዳ ቆምኩ። አሁን በየማታው እደውልለታለሁ፣ የሚያወራው ስለ ሥራው፣ ስለ ሙዝ ዋጋ፣ ስለማይረባ ነገር ነው፣ ሲጨርስ ደህና እደሪ ይለኛል፣ እኔ ቀድሜ መዝጋት አልችልም፣ እሱ እስኪዘጋ እጠብቃለሁ፣ ከዘጋም በኋላ ጥቂት አቆየዋለሁ።