ወስፌው የጣለው ካርድ

ማተቤ ከጭነት መኪናው ሥር ተንጋሎ እጁን ብቻ አወጣ። የካንዴላ ካርቶን ይዟል።

አለምነሽ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች። ስትነሳ ካርቶኑ ቅርጫቷ ውስጥ ነበር። ካንዴላ የለበትም። ሦስት የሱዳን መታወቂያ ነው ያለበት።

«መቼ ነው?» አለ ከሥር ሆኖ።

«ዛሬ። ፀሐይዋ በርትታ የኬላው ጠባቂዎች ጥላ ሲፈልጉ።»

«ከየትኛው ቤት?»

«እሱ ያንተ ሥራ አይደለም፣ ቆርኪ።»

«እሺ፣ ዋንዛ። ልጅሽ ናፍቃሻለች። ብቅ በይ እንጂ።»

ቆርኪ የሱ የምስጢር ስም ነው፣ ዋንዛ የሷ። ልጅሽ ያላት የራሱን ልጅ ታይቱን ነው፤ ክርስትና ያነሳቻት አለምነሽ ናት። መተማ ውስጥ መካኒክና የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ተጠጋግተው ሲያወሩ ቢታዩ ሰው ይጠረጥራል። አበልጅ ሲያወራ ግን ማን ዞር ብሎ ያያል? ክርስትናው ለሽፋን ነበር የታሰበው። ልጅቷ ይህን አታውቅም፤ ባየቻት ቁጥር ሮጣ ትጠመጠምባታለች።

ካርቶኑን ወይዘሮ አሰበች ቤት አደረሰች። አሰበች የሰሊጥ አጫጆችን እያሳደረች የምትኖር ሴት ናት። ጓሮዋ ውስጥ፣ ጆንያ መሀል፣ ከቀይ ሽብር የተረፉ ሦስት ተማሪዎች ተደብቀዋል። ዛሬ ድንበሩን ካልተሻገሩ አለቀላቸው።

ከዚያ ሥራዋ ገባች። ፀጥታ ቢሮ።

ከጎንደር የተላከው ሻምበል ገሰሰ የከተማውን ሰው ሁሉ በካርድ መዝግቦታል። አንድ ሰው፣ አንድ ካርድ። በካርዱ ዙሪያ ቀዳዳዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ጥያቄ ነው። ከወሎ የመጣ ነው? አረብኛ ያውቃል? ድንበር ተሻግሮ ገላባት ይመላለሳል? መልሱ አዎ ከሆነ ቀዳዳው እስከ ጠርዙ ተቆርጦ ይከፈታል። ከዚያ ካርዶቹ ተደርድረው ረጅም ወስፌ ይገባባቸዋል። ወስፌው ሲነሳ ቀዳዳቸው ያልተከፈተ ካርዶች ተንጠልጥለው ይቀራሉ። የተከፈቱት ይወድቃሉ። ሻምበሉ ካርድ አያነብም። የወደቀውን ያስይዛል፣ በቃ።

«አለምነሽ፣ አዲስ ጥያቄ አለኝ» አላት ገና ስትገባ። «የሟቹ የዘሩ አበልጅ የሆነውን ሁሉ ክፈቺልኝ። ሲመዘገቡ ጠይቀናቸው የለ?»

ጠይቀዋል። መተማ ላይ ሰው አገሩን ይደብቃል፣ ዕድሜውንም ይደብቃል። አበልጁን ግን ማን ይደብቃል? ኮርቶ ነው የሚያስመዘግበው።

«ለምን ፈለጉት፣ ጓድ ሻምበል?»

«ከጎንደር ጥቆማ መጥቷል። ከዳተኞቹን የሚያሳድረው ሰው የዘሩ አበልጅ ነው። እዚሁ ከተማ ይኖራል፣ ገላባት ይመላለሳል። ከስብሰባ ስመለስ ወስፌውን ራሴ አነሳዋለሁ።»

በሩ ተዘጋ።

ካርዶቹን ወደ ራሷ ሳበች።

ጥያቄው ራሱ ነግሯታል። የማሻገሪያውን መስመር የዘረጋው ዘሩ ነበር። ሳይገደል በፊት፣ መደበቂያው ቤት የአበልጁ እንደሆነ የነገረው ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ለሷና ለማተቤ። አበልጁ አሰበች መሆኗን ደግሞ ለሷ ብቻ።

ማተቤ ሸጧቸዋል።

ሁሉን ሸጦ እሷን አስቀርቷል። አስቀርቷት ባይሆን ኖሮ አሁን ይህ ወንበር ላይ አትቀመጥም። ለልጁ ብሎ ይሆናል።

የአሰበችን ካርድ መዝዛ ደረቷ ውስጥ ከተተች። ግን ምንም ካልወደቀ ሻምበሉ ቤት ለቤት ያስፈትሻል። አንድ ሰው መውደቅ አለበት። የአንድ ልብስ ሰፊ ካርድ እጇ ገባ። ምን አደረገ እሱ? መለሰችው።

የማተቤን አወጣች። የከተማ ነዋሪ፣ ተከፍቷል። ገላባት ይመላለሳል፣ ተከፍቷል። አበልጅ በሚለው መስመር ላይ በራሷ እጅ የተጻፈ ስም አለ። አለምነሽ።

ምላጭ አንሥታ ስሟን ፋቀች።

ኮቴ።

በረንዳው ላይ ቆመ።

ዘበኛው ነው። ሳል ብሎ አለፈ።

በተፋቀው ላይ «ዘሩ» ብላ ጻፈች። የአዲሱን ጥያቄ ቀዳዳ እስከ ጠርዙ ቆረጠች።

ሻምበሉ ተመለሰ። በሦስቱም ጥያቄዎች ቀዳዳ ወስፌ አስገብቶ አነሳና ነቀነቀ። አንድ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«መካኒኩ?» አለ። ከዚያ ሠርቶት የማያውቀውን ሠራ። ካርዱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አነበበ።

አለምነሽ ቀሪዎቹን ካርዶች ታስተካክል ጀመር።

«ዘሩ» አለ። «ይኸው።»

«ይኸው፣ ጓድ ሻምበል።»

ወታደሮቹን ከኬላው ሳይቀር ጠርቶ ወደ ጋራዡ ላካቸው። ማተቤን እጁን የፊጥኝ አስረው በመስኮቷ ሥር አሳለፉት። ጎማ የሚያጥብበት ውኃ ገና ከሱሪው ይንጠባጠባል።

«እኔ የናንተ ሰው ነኝ» ይላል። «ጎንደርን ጠይቁ።»

ቀና ሲል አያት። ገባው፤ ከፊቱ ታወቀ። አንዴ ስሟን ቢጠራ ይበቃው ነበር።

አልጠራም። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ፀሐይዋ ስትበረታ ኬላው ላይ ሰው አልነበረም። ሦስቱ ተማሪዎችና መንገድ የምትመራቸው አሰበች በደረቁ ወንዝ በኩል ገላባት ገቡ። «የኛ ሰው ነው» የሚለው የጎንደር መልስ በማግሥቱ መጣ። ማተቤን ግን በሕይወት አሳድረውት አልነበረም።

አለምነሽ ያን ጊዜ ሸሽታ ሸሕዲ ከተማ ናት። ነጠላ ተከናንባ፣ ማጭድ ይዛ፣ ከአጫጆች ጋር ተሰልፋለች። የሻምበሉ ካርድ እዚህም ደርሷል። መዝጋቢው ቀና ብሎ አያያትም።

«ስም?»

«አየሁሽ።»

«አገር?»

«ደብረ ታቦር።»

«አበልጅ? ክርስትና ያነሳሽው ልጅ አለ?»

የታይቱ እጅ አንገቷ ላይ ያለ መሰላት። አንዳች ነገር ይሰማኛል ብላ ጠበቀች።

«የለኝም» አለች።

ቀዳዳውን ሳይቆርጥ ካርዱን ወደ ጎን አደረገውና ከኋላዋ ያለውን ጠራ።